ስም የሌለው ዓምድ

ቤርሳቤህ። በእናቴ አቆጣጠር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣
በግድግዳው ሰዓት ሁለት።
ከድንገተኛ ክፍሉ በር አጠገብ፣ በፕላስቲክ ወንበር፣
ደብተሬን ጭኔ ላይ ዘርግቼ የሰው ዓይን እቆጥራለሁ፤
ማን ወዴት አየ? ስንቴ? ስንት ሰከንድ?
የተቀጠርኩት ለዚህ ነው፤
ዓይን የሚያርፍበትን ሰሌዳ እንድሠራ።

ዓይን ግን እዚህ አያርፍም።
የያርዴና ዓይን እንደ ሸማኔ መወርወሪያ
ከአልጋ ወደ ሰሌዳ፣ ከሰሌዳ ወደ አልጋ፣
ክሩ ሳይበጠስባት፣ ሌሊቱ እስኪነጋ።

የመጀመሪያውን ሰሌዳ አሳምሬው ነበር፤
ሃያ አራት አልጋ፣ ዘጠኝ ቀለም፣
ብልጭ የሚል ነጥብ፣ የሚሽከረከር ቀለበት።
ሥራ አስኪያጁ አጨበጨበ።
ያርዴና መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ
«የሠርግ አዳራሽ መሰለኝ» አለች፣
«ሙሽራው የትኛው አልጋ ላይ ነው?»

በሁለተኛው ቀነስኩ።
እጅግ የታመመውን ከላይ በግራ አኖርኩት፣
ማንም እንዳያልፈው።
ሁሉም አለፉት።
ሦስት ሌሊት ምክንያቱ ጠፋኝ።
በአራተኛው የገዛ ደብተሬን አየሁ፤
እኔ ከግራ እነሣለሁ፣ ከ«ሀ»፤
እነሱ ከቀኝ፣ ከ«አሌፍ»።
ሃያ ስድስት ዓመት በዕብራይስጥ ተምሬ፣ ተድሬ፣ ከባንክ ተጣልቼ፣
ለካ ዓይኔን አላስተማርኩትም።

ሕመምተኛውን ወደ ቀኝ አዛወርኩት።
በዚያው ሌሊት ዶክተር ናይፍ ቀና አለ፤ ሮጠ።
ኋላ ጠጋ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማ፣
«የሮጥኩት ስፍራውን አይቼ ነው» አለኝ።
«ቀዩና አረንጓዴው ለእኔ አንድ ናቸው።
የአባቴ መኪና ቀለሟ ምን እንደነበር
እስከ ዛሬ አላውቅም።»
ለቀዩ ማዕዘን ሰጠሁት፣ ለአረንጓዴው ክብ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሰሌዳው ተሰቀለ።
አሮጌው ነጭ ሰሌዳ ግን አልተጣለም፤
ከማቀዝቀዣው ጎን፣ እንደ ጡረተኛ፣
ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።
በየማለዳው ጽሑፍ አገኝበታለሁ፣
ሊያልቅ በደረሰ ሰማያዊ ማርከር፣ በያርዴና የዶሮ ጭረት፦

«ሰባት፦ ቀኝ ጆሮው አይሰማም። በግራው በኩል ቁሙ።»
«አሥራ አንድ፦ ሩሲያኛ ብቻ። ከልብስ ማጠቢያው ሊዮኒድ ይጠራ።»
«አራት፦ ፍየሎቹን ማን እንዳለባቸው ካልተነገረው አይተኛም።»
«አሥራ ስድስት፦ ባሏ እዚያው መኪና ውስጥ ነበር። ገና አልተነገራትም።»

አሥራ ስድስት።
በእኔ ሰሌዳ ላይ ክብ ናት፣ አረንጓዴ፤
የልብ ምት ሰባ ሁለት፣ የደም ግፊት ደህና፣
የምትጠብቀው የክንድ ራጅ።
አንዲት የተሳሳተች ቁጥር የለችበትም።

አዲስ ገቡ ሐኪም ኑሪኤል
የእኔን አንብቦ፣ የያርዴናን ሳያነብ፣
መጋረጃውን በፈገግታ ገለጠ፦
«ለባለቤትሽ ደውዪለት፣ መጥቶ ይውሰድሽ።»

ደወለች።
ስልኩ የጮኸው ከነርሶቹ ጠረጴዛ ሥር ነው፣
አፉ ከታሰረ ላስቲክ ውስጥ፣
ከአንድ ጫማና ከተሰበረ መነጽር ጋር።
ያርዴና በሁለት እጇ አቀፈችው፣
ወፍ እንደያዘ ሰው፣ ጠበቅ ሳታደርግ፣
እስኪያበቃ።
እንደገና ጮኸ።
ያኔ አስቀመጠችው፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስያዘች፤
ወደ አሥራ ስድስት ገባች።
ደብተሬ ላይ ዓይን መቁጠር አቆምኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ከቁጥሮቹ አጠገብ
አንድ ዓምድ ጨመርኩ፣ ባዶ፤
ወገብ ላይ እንደሚተው የልብስ ትርፍ።
ኮሚቴው ስለ ምስጢር ጠየቀ፤ ከመተላለፊያው አዞርኩት።
ስለ ወጪው ጠየቀ።
«ስሙስ ማን ይባላል?» አለ ሥራ አስኪያጁ፣
ከላይ ምን እንደሚጻፍ ጨንቆት።
ስም የለውም አልኩ።

አሁን ይጽፉበታል፤ አንዳንዶቹ።
የያርዴና ማርከር ግን ከኪሷ አልወጣም፣
እኔም ስጪኝ አላልኳትም።
ዛሬ አሥራ ስድስት ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል።
ክቡ አረንጓዴ ነው፤ ዓምዱ ባዶ።
ደብተሬን ወንበሩ ላይ ትቼ
ሄጄ አየዋለሁ።